ቤንዚኑን ልቀቁት

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ መኪና እየሄደች ድንገት ጉልበት ካጣች ፍርዱ ቀድሞ ተሰጥቷል። ቤንዚን ሲረግጧት አልወስድ ትላለች፣ ትቆራርጣለች፣ አንዳንዴም ጭራሽ ትጠፋለች፤ ጥግ አስይዘው ትንሽ ሲያሳርፏት ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ባለቤቱ ማንንም ቢያማክር መልሱ አንድ ነው። የሰፈሩ መካኒክ «ነዳጁ ነው» ይላል። ጥግ ይዞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው የራይድ ሾፌር «ከየትኛው ማደያ ነው የቀዳኸው?» ብሎ ይጀምራል። በደርግ ጊዜ ላዳ የነዱት ጋሼ «የዘንድሮ ቤንዚን ግማሹ ውሃ ነው» ብለው ይዘጉታል። ከዚያ የኋላ ወንበር ይነሳል፣ ታንኩ ይታጠባል፣ ፊልትሮ ይቀየራል፣ ኢንጀክተር ይጸዳል፣ አዲስ ካንዴላ ይገባል። መኪናዋ ጥቂት ቀን ደህና ትከርምና አንድ ከሰዓት በኋላ ቀለበት መንገድ ላይ፣ ከኋላዋ ሲኖትራክ እየመጣ፣ መልሳ ቀጥ ትላለች።

የምከራከረው ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። «ነዳጁ ነው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ተመርምሮ ሳይሆን ምርመራ እንዳይደረግ ነው። እየመጣ የሚሄድ ብልሽት የሚያዘው በመጣበት ሰዓት ሲለካ ነው። ሳይለኩ ጥፋቱን ቤንዚን ላይ መለጠፍ የባለመኪናውን ኪስ ያራግፋል፤ ዝቅ ብዬ እንደማሳየው ደግሞ ሰው እስከመግደል ይደርሳል።

ቤንዚን አይበላሽም አልልም። ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ፣ በማደያ ጉድጓድ የሚከርም፣ በየክልል ከተማው ደግሞ በጄሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚቸረቸር ነዳጅ ውሃም አቧራም ሊገባበት ይችላል። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል 5 በመቶ፣ ኋላም 10 በመቶ ከአዲስ አበባ ቤንዚን ጋር መቀላቀል ሲጀምር ጥርጣሬው የበለጠ መሠረት ነበረው፤ አልኮል ውሃ ይስባል፣ በአሮጌ ታንክ ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ዝቃጭም ያላቅቃል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ነገር ግን የተበላሸ ነዳጅ የራሱ ጠባይ አለው፤ ጠባዩን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይለየዋል። ከተቀዳ ብዙም ሳይቆይ ይጀምራል። አንዲትን መኪና መርጦ አይመታም፤ በዚያው ቀን ከዚያው ማደያ የቀዳ ሁሉ ጋራዥ ይሰለፋል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይዘቅጣል፣ ፓምፑም የሚስበው ከሥር ስለሆነ ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ጀምሮ ያስቸግራል። ጠዋቱን ሙሉ ደህና ውሎ፣ ሞተሩ እስኪግል ታግሦ፣ ስምንት ሰዓት ላይ አይመጣም። ነዳጁ አልቆ ሌላ ሲቀዳም አብሮ ይለቃል። ወራት የቆየ፣ ማደያ ቢቀያየርም ያልተለወጠ፣ ሁልጊዜ በሙቀት ብቻ የሚከሰት ችግር ቤንዚን ላይ የሚላከከው በምን ሒሳብ ነው?

ማረጋገጫውም ርካሽ ነው። ከታንኩ ሥር ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ቀድቶ ማቆየት ብቻ ነው። ውሃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል፤ ድንበሩ በዓይን ይታያል። ይህን የሚያደርግ ጋራዥ ስንት አለ? ቤንዚንን በየቀኑ የሚከሱት ሰዎች ተከሳሹን አንድ ቀን እንኳ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጠው አላዩትም።

ሁለተኛው ተወዳጅ ተከሳሽ ከፍታው ነው፤ ይህኛው ብዙ አያቆየንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፣ ተርቦ የሌለው 1,000 ሲሲ ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ቶዮታ ቪትዝ አራት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ የምታቃስተው ለዚህ ነው። ግን ከፍታ አይመጣም፣ አይሄድም። መስቀል አደባባይ ሰኞም ማክሰኞም ያው ከፍታ ላይ ነው። ሰኞ ሽው ብላ ያለፈችበት ቦታ ማክሰኞ ከቆመች የተለወጠው መኪናዋ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

የነዳጅ ወገን ግን አንድ ጠንካራ ክርክር አለው፤ ልሸሸው አልፈልግም። በቪትዝና በመሰሎቿ ፓምፑ ያለው ታንኩ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው ጫፍ ላይም ደቃቅ ወንፊት ተገጥሞለታል። ታንኩ ውስጥ ዝቃጭ ካለ ፓምፑ ሲስብ ዝቃጩ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ ነዳጅ ያጥራል፣ መኪናዋም ትደክማለች። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፣ ቆሻሻው ከወንፊቱ ይለቃል፣ መኪናዋ ትነሳለች። እየመጣ የሚሄድ ብልሽት ማለት ይኸው ነው፣ ጥፋቱም የቆሻሻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ማንም አይክድም። ጥያቄው በር ላይ የቆመችው መኪና ላይ ያለው እሱ መሆን አለመሆኑ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የግፊት ጌጅ የሚባል ዕቃ አለ። ለኢንጀክተሮቹ ነዳጅ በሚያደርሰው መስመር ላይ ይታሰራል፣ ቱቦው ሳይቆነጠጥ በኮፋኖው ጠርዝ ይወጣል፣ ጌጁ የፊት መስታወት ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ ከዚያ መንዳት ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ መርፌው ከ3 ባር ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። መኪናዋ ስትደክም መርፌው አብሯት ከወረደ ብልሽቱ ከታንክ እስከ ኢንጀክተር ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ወንፊቱም ፓምፑም ይፈተሽ። መኪናዋ እየደከመች መርፌው ካልተነቃነቀ ቤንዚኑ በነጻ ይሰናበት። ሳምንታት የሚፈጀውን ሙግት አንድ የሙከራ ጉዞ ይቆርጠዋል።

ደግሞስ መርፌው ቢወርድ ጥፋተኛው ቤንዚኑ ነው ያለው ማን ነው? ፓምፑ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ብሩሹ ያልቃል፣ ሲግል ይዝላል፣ ሶኬቱ ሲዝግ የሚደርሰው ቮልቴጅ ያንሳል። የሚቀዘቅዘውም በውስጡ በሚያልፈውና በዙሪያው ባለው ቤንዚን ስለሆነ፣ ቢጫው መብራት ካልበራ ማደያ የማይሄድ ሰው ፓምፑን በገዛ እጁ ያስረጀዋል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2020 በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎችን መልሶ የጠራው በዴንሶ ፓምፕ ውስጥ ያለችው ነዳጅ ገፊ የፕላስቲክ ጎማ ቤንዚን እየመጠጠች ታብጥና ከፓምፑ ግድግዳ ጋር ትፋተግ ስለነበር ነው። መኪናዎቹ እየሄዱ ጉልበት ያጡ ነበር፤ ሊጠፉም ይችሉ ነበር። ሆንዳም በነዳጅ ፓምፕ ሳቢያ በ2023 ሌሎች ሚሊዮኖችን ጠርቷል። የአሜሪካ ማደያ የሸጠላቸው ቤንዚን ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ የፋብሪካ ነው።

አሁን ጋራዡ ወደማያየው ወገን ልሻገር፤ ወደ ኤሌክትሪኩ።

ክራንክ ሴንሰርን እንውሰድ። ሞተሩ በየቅጽበቱ የት ላይ እንዳለ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው እሱ ነው። በብዙ ትናንሽ መኪናዎች ላይ ውስጡ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ ካረጀ በኋላ ሲግል ይቋረጣል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይገናኛል። ምልክቱ በጠፋ ቅጽበት ኮምፒውተሩ ብልጭታውንም ነዳጁንም ይዘጋል። መኪናዋ ትጠፋለች፤ ሃያ ደቂቃ ያህል አርፋ ትነሳለች። ላይ ላዩን ሲታይ ቆሻሻው ከወንፊቱ ከለቀቀላት መኪና ጋር ልዩነት የላትም። ልዩነቱን የሚያየው የለካ ብቻ ነው፤ አንዷ ላይ ግፊቱ ወድቋል፣ ሌላዋ ላይ አልወደቀም። በግምት የሚሠራው ጋራዥ ለሁለቱም ታንክ ያጥባል፤ በታጠበበት ጊዜ ውስጥ ሴንሰሩ ስለሚቀዘቅዝ መኪናዋ ወዲያው ትነሳለች፣ አጣቢውም ይመሰገናል። ይህ ክብ እስካልተሰበረ ድረስ ማጠቡ ይቀጥላል።

ቦቢናም እንዲሁ ነው። ሲሞቅ የሚከሽፍ ቦቢና አንድ ሲሊንደር ያስቀራል፤ አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ሩብ ጉልበቱን ያጣል፣ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ መዘግየት ዋጋ አለው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ካታሊስቱ ያልፍና እዚያ ይነድዳል፤ ካታሊስቱ ከውስጥ ቀልጦ ሲዘጋ የሞተሩ ጭስ መውጫ ያጣል፣ መኪናዋም በቦቢናው ላይ ሌላ የጉልበት ማጣት ትጨምራለች። ታንክ ሲታጠብ የከረመበት ወር በዚህ መንገድ ከቦቢናው ብዙ እጥፍ የሚወደድ ዕቃ ያስወጣል።

የሚብሰው ግን ሽቦ ነው። የቪትዝ ነገር ለብቻው መነሳት ያለበትም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በቪትዝ ስም የተሸጡት መኪናዎች የተሠሩት ለጃፓን መንገድ ነው፤ መሪያቸው በቀኝ ነው። እኛ ጋ የሚነዱት መሪው ወደ ግራ ዞሮ ነው። መሪ ሲዞር ዳሽቦርዱ ይወርዳል፣ ፔዳሉ ይሻገራል፣ የቁልፉና የፊውዝ ሳጥኑ ሽቦ ይቆረጥና ይቀጠላል። ጥሩ እጅ የሠራው ቅጥል በብየዳ ታስሮ ዕድሜ ልኩን ይቆያል። ተጠማዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለው ግን በየኮብልስቶኑ እየተንቀጠቀጠ፣ በጋ ሲግል ክረምት ሲረጥብ ይላላል። የላላ ቅጥል ደግሞ ቀጥ ብሎ አይቋረጥም፤ አንዴ ያስተላልፋል፣ አንዴ ያቋርጣል። ጉድጓድ ሲገባ መኪናዋ ትንተባተባለች፣ ለስላሳ አስፋልት ላይ ትሽራለች። ይህን ዓይነቱን ብልሽት ታንክ በማጠብ የፈታ ሰው እስካሁን የለም፣ ወደፊትም አይኖርም።

የማሳ ነገርም አለ። ባትሪውን ከቦዲና ከሞተር ጋር የሚያገናኘው ገመድ ጫፉ ሲዝግ መብራቱም ሬዲዮውም ደህና ሆኖ ሞተሩ ብቻ ይዋዥቃል፤ ዝገቱ ሲብስ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሴንሰሮቹን ቮልቴጅ አሳስቶ ማንበብ ይጀምራል። ፍተሻው ተራ መልቲሜትር ነው። አንዱ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ ተደርጎ ሞተሪኖ ሲመታ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ታሟል። መልቲሜትር የሌለው አውቶ ኤሌክትሪሺያን አላውቅም፤ ለዚህ ሲያወጣው ግን ብዙም አይታይም።

ይህን ሁሉ የገዛ ገንዘባችን ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፍ ካለ አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ይስማ።

ሼቭሮሌ ኮባልት እ.ኤ.አ. የ2005 ሞዴል ተብላ የወጣች ትንሽ መኪና ናት። ገና ከመውጣቷ ነጂዎች «እየሄደች ትጠፋብኛለች» ማለት ጀመሩ። በአምራቿ በጄነራል ሞተርስ ውስጥ የነበሩ መሐንዲሶች አቤቱታውን ያውቁታል፤ ግን የደኅንነት ሳይሆን የደንበኛ ምቾት ጉዳይ ነው ብለው መደቡት። ጥፋቱ የቁልፉ ማብሪያ ውስጥ ነበር። ቁልፉን በቦታው የሚይዘው ምንጭ ከተወሰነለት በታች ደካማ ስለነበር ጉልበት ሲነካው፣ ከባድ የቁልፍ መያዣ ሲወዛወዝ፣ ወይም መኪናዋ ስትነጥር ቁልፉ ወደ ኋላ ይዞራል። ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ኤርባጉም ኤሌክትሪክ ስለሚቋረጥበት ሊፈነዳ አይችልም።

ጆርጂያ ውስጥ አንዲት ነርስ ይህቺው መኪና እየሄደች ጠፋችባትና ወደ ሻጩ ጋራዥ ወሰደቻት። ጋራዡ ምን አደረገ? የነዳጅ መርጫውን አጽድቶ መለሰላት። መኪናዋን በተረከበች ማግስት፣ መጋቢት 2010 እ.ኤ.አ.፣ 29ኛ ዓመት የልደት ቀኗ ላይ፣ በዝናብ መንገድ ላይ በደረሰ ግጭት ሞተች። የነዳጁ መስመር ንጹሕ ነበር።

እውነቱን ያወጣው የቤተሰቡ ጠበቃ የቀጠረው መሐንዲስ ነው፤ ያወጣውም በመለካት ነው። አዲስ ማብሪያ ገዛ፣ ከተጋጨችው መኪና ከወጣው ጋር አስተያየ። የዕቃ ቁጥራቸው አንድ ነው። ቁልፉን ለማዞር የሚጠይቁት ኃይል ግን ለየቅል ነው፤ ውስጣቸውም ሲታይ ምንጩና መግፊያው ተለውጧል። ኩባንያው ዕቃውን እ.ኤ.አ. በ2006 አሻሽሎት ነበር፤ የዕቃ ቁጥሩን ግን አልቀየረም፣ ከዚያ በፊት ለገዙትም አልነገረም። መኪናዎቹ መልሰው መጠራት የጀመሩት የካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቁጥሩ 2.6 ሚሊዮን መኪና ደረሰ። ኩባንያው ለተጎጂዎች ያቋቋመው የካሳ ፈንድ የ124 ሟቾችን ጥያቄ ተቀበለ፣ ኩባንያውም በ2015 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ለነበረው የወንጀል ጉዳይ 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ማብሪያው በእጅ የሚያዝ ተራ ዕቃ ነበር።

ያቺ ነርስ መኪናዋን የወሰደችው አዲስ አበባ ላይ ወዳለ ጋራዥ ቢሆን ኖሮ የሚደረግላት ያው ነበር። የኛ ሰው ደግሞ የቤቱን፣ የሱቁን፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ሁሉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንድ ቀለበት ላይ ያንጠለጥላል። አሮጌ መኪና ላይ የቁልፍ ማብሪያው የመዳብ ጥርስ ያልቃልና ይህን ክብደት አውርዶ ጥቂት ቀን መንዳት ምንም የማያስከፍል ፍተሻ ነው።

«ኮምፒውተር አስነብበነዋል፣ ምንም አላለም» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ይህም የዘመኑ ሌላ እምነት ነው፤ ነዳጁን ያልከሰሰ ጋራዥ ለስካነሩ ይሰግዳል። ስካነር ጠቃሚ ዕቃ ነው፤ ግን የሚናገረው ኮምፒውተሩ ያየውን ብቻ ነው። አንዳንድ ኮዶች ብልሽቱ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ላይ ካልታየ አይመዘገቡም። የተመዘገበውም የሚጠቁመው መስመሩን ነው። ፒ0335 ከክራንክ ሴንሰር መስመር ምልክት ጠፋ ይላል፤ ሴንሰሩ ሞተ አይልም። ሽቦው ተልጦ ቦዲ ነክቶ ሊሆን ይችላል፣ ሶኬቱ ዘይት ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ፒ0171 ደግሞ ከነዳጁ አየሩ በዛ ይላል፤ የደከመ ፓምፕ፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ አቧራ የለበሰ የአየር መለኪያ ሦስቱም ይህንኑ ኮድ ያመጣሉ። ኮድ አይቶ ዕቃ ሊገዛ ሱማሌ ተራ የሚሮጥ ሰው አሁንም እየገመተ ነው፤ ግምቱ ቁጥር ለብሷል እንጂ። ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት የቀድሞ መኪናዎች ብዙዎቹ ደግሞ በስልክ የሚሠራውን ርካሽ ማንበቢያ ጭራሽ አይመልሱለትም፤ ያ ዝምታ «ኤሌክትሪኩ ደህና ነው» ተብሎ ይተረጎማል።

ደግሞ መቼ ነው የሚነበበው? መኪናዋ ደህና ሆና ጋራዥ ስትገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ብልሽቱ መንገድ ላይ ነበር፣ ምርመራው ግቢ ውስጥ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም።

እንግዲህ ቤንዚኑ ንጹሕ መሆኑ ይህን ያህል በቀላሉ የሚታወቅ ከሆነ ክሱ ለምን አያልቅም? መካኒኩን ብቻ መውቀስ ይቀላል፤ ፍትሐዊ ግን አይሆንም። የኛ ጋራዥ የሚኖረው በእጅ ዋጋና በዕቃ ነው። ግማሽ ቀን ጌጅ አስሮ ሲነዳ የዋለ መካኒክ «ፓምፑ ደህና ነው፣ ቦቢናውም ደህና ነው፣ ምንም አልቀየርኩም፤ የሥራ ክፈለኝ» ቢል ባለመኪናው ምን ይለዋል? «ምንም ሳትሠራ ነው ብር የምትጠይቀኝ?» ይለዋል። ፊልትሮና ካንዴላ ቀይሮ አሮጌውን በካርቶን የሚያስረክበው ግን ተከፍሎት፣ ተመርቆ ይሄዳል። ይህን ዋጋ የቆረጥነው እኛ ባለመኪናዎቹ ነን። ዕውቀትን በነጻ፣ ዕቃን በውድ እየገዛን ጋራዡ ዕቃ ሻጭ ሆነ ብለን እናማርራለን።

ቤንዚንን መክሰስ ለሁሉም ይመቻል። መካኒኩ አይጠየቅም፤ መኪናዋን ያስገባው ነጋዴ አይጠየቅም፤ መሪውን አዙሮ ሽቦውን በፕላስተር የቀጠለው ሰው አይጠየቅም፤ ባለቤቱም ታንኩን ባዶ እያደረገ ፓምፑን ማስረጀቱ አይነሳበትም። ማደያው መልስ አይሰጥ፣ መንግሥት አይሰማ፤ ተከሳሹ ራሱ ደግሞ ተቃጥሎ ጠፍቷል። ከዚህ የተሻለ ተከሳሽ ከየት ይገኛል?

ባለመኪናው ግን ከመካኒኩ በፊት ሊያደርገው የሚችለው ሥራ አለ፤ መኪናዋ ስትደክም ያለው እሱ ብቻ ነውና። ጉልበት በጠፋበት ቅጽበት ዓይን ዳሽቦርዱ ላይ ይሁን። የዘይቱና የባትሪው መብራት በርተው ሰዓቱና ሬዲዮው እንዳሉ ከሆኑ ኤሌክትሪክ አለ፤ የጠፋው ብልጭታ ወይም ነዳጅ ነው። ሁሉም ባንዴ ከጨለመ ባትሪ፣ ማሳ፣ ወይም የቁልፍ ማብሪያ ይጠርጠር። በእጅ ማርሽ የምትነዳ የዙር መቁጠሪያ ያላት መኪና ከሆነች፣ ጎማው ሞተሩን እያሽከረከረው መርፌው በአንዴ ዜሮ ላይ ከወደቀ ኮምፒውተሩ የክራንኩን ምልክት አጥቷል፤ ቀስ እያለ ከፍጥነቱ ጋር ከወረደ ወደ ነዳጁ መስመር ይታይ። ሞተሩ ምን ያህል ግሎ ነበር? ዳገት ነበር ወይስ ሜዳ? ታንኩ ስንት ነበር? ዝናብ ነበር? የነዳጁ ክዳን ሲከፈት አየር ስቦ ፉጨት አሰማ ወይ? ካሰማና ከዚያ በኋላ መኪናዋ ከተሻላት የታንኩ መተንፈሻ ተዘግቶ ይሆናል፤ ይህም ከቤንዚኑ ጥራት ጋር አይገናኝም። እነዚህን ስልኩ ላይ ጽፎ የሚመጣ ደንበኛ ለመካኒኩ ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል። «አንዳንዴ ታስቸግራለች» ብሎ ቁልፍ ወርውሮ የሚሄድ ደንበኛ ግን ቤንዚን ቢከሰስለት አይገርምም።

ነገሩ ከዚህ በኋላ እየከበደ ነው የሚሄደው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ዛሬ መንገድ ላይ ያለችው ቪትዝ ምትክ የላትም፤ ከነሽቦዋ ታረጃለች፣ እየመጣ የሚሄደው ብልሽትም አብሯት ይበዛል። ጎን ለጎን ኤሌክትሪክ መኪናዎቹ እየበዙ ነው፤ እነሱም አንድ ቀን ዳገት ላይ ጉልበት ያጣሉ። ያን ዕለት የነዳጅ ወገን ምን እንደሚል ለመስማት እጓጓለሁ።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተማሪን ሞተር ፈትቶ እንዲገጥም ብቻ ሳይሆን እየነዳ እንዲለካ ያስተምሩ። ጋራዦች የምርመራ ዋጋ ብለው ለይተው በግልጽ ይለጥፉ። እርስዎም አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ ሲገቡ ከዕቃው በፊት ልኬቱን ይጠይቁ፤ ግፊቱ ስንት ባር ነበር፣ ማሳው ላይ ስንት ቮልት ታየ፣ የተለካው መኪናዋ ስትደክም ነው ወይስ ቆማ? መልስ የሌለው ጋራዥ ታንክዎን እንዳይነካ። ለክቶ፣ አውጥቶ፣ አንድም ዕቃ ሳይቀይር «ሽቦው እዚህ ጋ ላልቷል» ያለዎትን ሰው ግን ሳይከራከሩ ይክፈሉት።